ባቡር የቆረቆራት ከተማ

እዚህ እኛ አካባቢ ትልልቅ ሰዎች «ባቡር» ሲሉ ብዙ ጊዜ የእህል ወፍጮውን ማለታቸው ነው። እኔ የምጽፈው ግን በሐዲድ ላይ ስለሚሄደው ባቡርና እሱ ስለ ቆረቆራት ስለ ድሬዳዋ ነው።

አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡር መንገድ እንዲሠራ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቀዱ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐሳቡ ባቡሩ ሐረር እንዲገባ ነበር። ሐረር ግን እንደ ደብረ ታቦር ከፍታ ላይ ናት፤ ባቡር ደግሞ እንደ በቅሎ ዳገት አይወጣም። መንገዱ ቀስ እያለ ካልወጣ የብረት ጎማው በብረቱ ሐዲድ ላይ ይንሸራተታል። ተራራውን መቦርቦር ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። ስለዚህ ሐዲዱ በተራራው ሥር፣ በቆላው በኩል አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ቦታ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ድሬዳዋ ማለት እሷ ናት።

ከዚያ የኩባንያው ገንዘብ አለቀና ሐዲዱ እዚያው ለዓመታት ቆመ። ለድሬዳዋ ይሄ ጠቀማት! ዕቃው ሁሉ ከባቡር ወርዶ በግመልና በበቅሎ ወደ አዲስ አበባ የሚጫነው ከእሷ ነበርና። የባቡር መጠገኛው እዚያው ተሠራ፣ ሠራተኛና ነጋዴ ከየአገሩ መጣ። የጥንቷ ሐረር ንግድ ግን ወደ ቆላ ወረደ። እኔ ለሐረር አዘንኩላት። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። «ለገሐር» የሚለውም ስም ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ጣቢያው ማለት ነው።

እሺ፣ እኛስ? በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት አስጎትተዋል። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ዙላ ባሕር ዳርቻ ላይ ስንቁን የሚያጓጉዝበት አጭር ሐዲድ ዘርግቶ ነበር። በአንድ ወገን ባቡር፣ በሌላው ወገን ጠፍር የያዘ ሰው፤ እስቲ አስቡት!

አሮጌው ባቡር ሥራ ሲያቆም በኤረር፣ በሚኤሶና በአዋሽ ጣቢያዎች ለመንገደኛ ምግብና ፍራፍሬ ይሸጡ የነበሩ ሰዎች ገበያቸው ቀረ። በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ተመረቀ። የድሬዳዋ አዲሱ ጣቢያ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው።

ጥያቄ፦ ባቡሩ ድሬዳዋ ከደረሰ ከስንት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ገባ? መልሱን ጽፋችሁ ለክበባችን አባላት ስጡ።