ነጎድጓዳማ ደመና አይሮፕላንን ለምን ያናውጣል?

በሰቆጣና በመላው ዋግ ሕምራ የሐምሌ ደመና ሲጠቁር ገበሬው ደስ ይለዋል። በውቅያኖስ ላይ የሚበር የአይሮፕላን ነጂ ግን እንዲህ ያለውን ደመና ባየ ጊዜ መንገዱን ይለውጣል። ለአንዱ በረከት የሆነው ለሌላው የሚያሰጋበት ምክንያት ምንድን ነው? ከዘመዶቻችን በአየር የሚጓዙ አሉ፤ ከእኛም መካከል ነገ ነጂ የሚሆን አይጠፋምና ነገሩን ማወቅ ይጠቅማል።

በመጀመሪያ የደመናውን አሠራር እንመልከት። ፀሐይ በምድር ወገብ አካባቢ ያለውን ውቅያኖስ ስታሞቀው ብዙ ውሃ ተንኖ ወደ አየር ይገባል። ሙቅ አየር ቀላል ነውና ወደ ላይ ይወጣል፤ በወጣም መጠን ይቀዘቅዛል። በዚህ ጊዜ ተኑ፣ በድስት ክዳን ሥር እንደምናየው፣ ጠብታ ይሆናል። ተን ወደ ውሃ ሲለወጥ በውስጡ የያዘውን ሙቀት ይለቃል፤ ይህም ሙቀት አየሩን እንደገና ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ደመናው ራሱን በራሱ እያሳደገ 15 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ ይኸውም ከራስ ደጀን ተራራ ከፍታ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ትልልቆቹ የመንገደኛ አይሮፕላኖች የሚበሩት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በላዩ ማለፍ ስለማይችሉ ዞረው መሄድ ግድ ይሆንባቸዋል።

በደመናው ውስጥ ወደ ላይ የሚሮጥ አየርና ከዝናቡ ጋር ወደ ታች የሚወርድ አየር ጎን ለጎን ይገኛሉ። አይሮፕላኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገባ በድንገት ይነሣል፣ በድንገትም ይወርዳል። መናወጡ ከደመናው ውጭም ያጋጥማል። ስለዚህ ነጂዎች ከብርቱ ነጎድጓድ 20 የባሕር ማይል፣ ማለት 37 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እንዲርቁ ይመከራሉ።

የሰሜኑና የደቡቡ ነፋሳት በምድር ወገብ አካባቢ የሚገናኙበት የደመና ቀበቶ አለ። ይህ ቀበቶ ፀሐይን እየተከተለ በክረምት ወደ ሰሜን ሲወጣ አገራችን ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ ሲቀር በዋግ ምን እንደሚደርስ የ1977 ዓ.ም. ድርቅ አሳይቷል። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ብራዚል ወደ ሳኦ ፓውሎ የሚበሩት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላኖችም ምድር ወገብን ሲሻገሩ ከዚሁ ቀበቶ ጋር ይገናኛሉ።

በውቅያኖስ ላይ ያለው ነጎድጓድ አንድ ተንኮል አለው። የደመናው ራስ በጥቃቅን የበረዶ ቅንጣቶች የተሞላ ነው፤ ራዳር ደግሞ ዝናብን አጥርቶ ሲያሳይ እነዚህን ቅንጣቶች እምብዛም አያሳይም። መብረቁም ከየብስ ይልቅ በባሕር ላይ ጥቂት ስለ ሆነ በሌሊት ምልክት አይሰጥም። ስለዚህ ብልህ ነጂ ራዳሩን ወደ ታች አዘንብሎ የደመናውን እርጥብ ክፍል ይፈልጋል።

ግንቦት 24 ቀን 2001 ዓ.ም. ከሪዮ ዴ ጃኔሮ ወደ ፓሪስ ይበር የነበረው የኤር ፍራንስ አይሮፕላን በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በዚሁ ቀበቶ ውስጥ ሲያልፍ የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹ በበረዶ ቅንጣት ተደፈኑ። በራሱ የሚያበረው መሣሪያም ሥራውን አቆመ። ከዚያ በኋላ የአይሮፕላኑ አፍንጫ ከመጠን በላይ ስለ ተነሣ ክንፎቹ መሸከም አቃታቸው፤ በውስጡ የነበሩት 228 ሰዎች ሁሉ አለቁ። እንግዲህ ነጎድጓዱ ክንፍ አልሰበረም፤ አደጋው የደረሰው መሣሪያ ባሳሳተ ጊዜ አይሮፕላኑን በትክክል መያዝ ስላልተቻለ ነው።

የአይሮፕላን ክንፍ ብርቱ መናወጥን እንዲችል ሆኖ ይሠራል። የሚጎዳው ይልቁን ያልታሰረ ሰው ነው። ግንቦት 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር የነበረ አይሮፕላን በሚያንማር ሰማይ ላይ ከአምስት ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ 54 ሜትር ያህል ወረደ። አይሮፕላኑ ባንኮክ በደኅና ሲያርፍ አንድ መንገደኛ ሞቶ፣ ብዙዎችም ቆስለው ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ አይሮፕላኑ ሲወርድ ያልታሰረው ሰው ወደ ጣራው ይወረወራል።

ስለዚህ በአየር የምትጓዙ ወላጆችና ወዳጆች፣ የማስጠንቀቂያው መብራት ቢጠፋም በተቀመጣችሁ ጊዜ ሁሉ ቀበቶአችሁን እሰሩ። አይሮፕላን መንዳት የምትመኙ ጓደኞቻችንም የተንንና የሙቀትን ትምህርት ለፈተና ብቻ ብላችሁ አታጥኑት፤ አንድ ቀን የብዙ ሰው ሕይወት በዚያ ዕውቀት ላይ ይጣላልና።