ጐንደርን ከወንዙ ጀምሮ ማየት

ለዕረፍት ወይም ለጥምቀት በዓል ወደ ጐንደር የሚሄድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የፋሲልን ግንብ ሳያይ አይመለስም። ሲመለስ ይዞ የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው በግንቡ ደጃፍ የተነሣው ፎቶግራፍ፥ ሁለተኛው «ፖርቱጋሎች የሠሩት ነው» የሚለው ወሬ። ፎቶግራፉን አልቃወምም፤ እኔም አለኝ። ወሬው ግን ጥቂት ቢመረመር የማይቆም ከመሆኑም በላይ ግንቡን በእጃቸው ያቆሙትን ሰዎች የሚያስረሳ ስለ ሆነ፥ ወደፊት ለሚሄዱ ጓደኞች ሌላ አካሄድ ለማመልከት ይህን ጽፌአለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉብኝቱ ከግንቡ ሳይሆን ከወንዙ ቢጀመር ይሻላል። ጐንደር የተቈረቈረችው በሁለት ወንዞች መካከል ባለ ከፍተኛ ቦታ ላይ ነው፤ በምሥራቅ አንገረብ፥ በምዕራብ ቀሃ ይወርዳሉ። ሁለቱም ውኃቸውን ለመገጭ ሰጥተው ወደ ጣና ይሄዳሉ። ዐፄ ፋሲለደስ በ1632 ነገሡ፤ በ1636 በዚህ ቦታ መናገሻቸውን አቆሙ። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን የነገሥታቱ ከተማ ድንኳን ነበረ ማለት ይቻላል፤ ሠራዊቱ የሰፈረበትን አገር እህሉንና እንጨቱን ሲጨርስ ነቅሎ ወደ ሌላው ይሻገራል። ለገበሬው ይህ ምን ማለት እንደ ነበረ ለመገመት አያዳግትም። የፋሲል አባት ዐፄ ሱስንዮስ በደንቀዝና በአዘዞ አሠርተው ነበር፤ ለረጅም ዘመን መናገሻ ሆና የቈየችው ግን ጐንደር ናት። በግራና በቀኝ ውኃ አላት፤ አየሩም ከጣና ዳር ካለው ሜዳ ይልቅ ቀዝቃዛና ከወባ የራቀ ነው፤ ወደ ምጽዋና ወደ ስናር የሚወስዱት የነጋዴ መንገዶችም በዚሁ ያልፉ ነበር።

ስለዚህ ማልዶ ተነሥቶ ወደ ቀሃ መውረድ ነው። ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በድንጋይ አጥር ውስጥ ሰፊ ገንዳ ይገኛል፤ የፋሲል መዋኛ ይሉታል። በገንዳው ውስጥ በድንጋይ ቅስት ላይ የቆመ ባለ ፎቅ ግንብ አለ፤ በአጥሩ ላይ የትላልቅ ዛፎች ሥር እንደ እባብ ተጠምጥሞ ድንጋዩን ይዞታል። ሠሪው ፋሲል ናቸው ይባላል፤ የልጅ ልጃቸው ኢያሱ ናቸው የሚሉም አሉ። ከዚያው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ክብ ሕንፃ የአገሩ ሰው የዞብል መቃብር ይላታል፤ ዞብል የንጉሥ ፈረስ ነው። ገንዳው ዓመቱን በአብዛኛው ባዶ ይሆንና ለጥምቀት ከቀሃ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። በዚያች ሌሊት ታቦታቱ እዚያ ያድራሉ፤ ሲነጋ ውኃው ይባረክና ወጣቱ ይዘላል። በጥር 2020 ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል። ምሕንድስና የምትማሩ ሁሉ፥ ያን የሚያህል ሕዝብ የሚሸከም እንጨት እንዴት እንደሚሰላ እዚያ ቆማችሁ አስቡት።

ከዚህ ወደ ላይ በእግር ወደ ግቢው መውጣት ነው። አጥሩ 900 ሜትር ያህል ነው፤ 12 በሮች ነበሩት። የበሮቹን ስም መጠየቅ ደስ ያሰኛል፤ እምቢልታ በር፥ እርግብ በር፥ ባልደራስ በር፥ ተዝካሮ በር፥ ወዘተ። አንድ ቤተ መንግሥት ምን ምን ዐይነት ሰውና ሥራ እንደ ያዘ ከስሞቹ ብቻ ይታወቃል። የፋሲል ግንብ ከሁሉ የጠና ነው፤ በአራት ማዕዘኑ አናታቸው የተድቦለቦለ ማማዎች ቆመዋል፤ ጥቁሩ ድንጋይ በመስኮቱ ዙሪያ በቀላ ድንጋይ ተከፍክፏል። የቀሩት ነገሥታት የሠሯቸውን በየተራ መዘርዘር አያስፈልግም፤ አስጐብኚው ይነግራችኋል፤ ሲነግራችሁም አይቸኵልም።

አሁን ወደ ወሬው እንመለስ። ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ፤ በ1632 ግን ሕዝቡን ወደ ቀድሞው ሃይማኖት መለሱ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር ያስወጡት ጐንደርን ሳይቈረቍሩ ነው። እንግዲህ ያባረሯቸው ሰዎች ተመልሰው ቤት ሠሩላቸው ማለት ነውን? እርግጥ ከእነርሱ የቀረ ነገር አለ፤ እርሱም የኖራ ጥበብ ነው። የኖራ ድንጋይ በእሳት ይቃጠላል፤ ከዚያ በውኃ ይበርዳል፤ ከአሸዋ ጋር ቦክቶ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ይገባል። ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ በዝግታ መልሶ ድንጋይ ይሆናል። ይህ ጥበብ በሱስንዮስ ዘመን ከህንድ በኩል ገባ። በ1648 ወደ ፋሲል የመጣው የየመን መልእክተኛ አል ሀይሚ የቤተ መንግሥቱ ሠሪ ህንዳዊ መሆኑን ጽፎአል። (እግረ መንገዴን፤ በኖራ የተሠራን ግድግዳ በሲሚንቶ መጠገን አይገባም፤ ሲሚንቶው እርጥበቱን አፍኖ ድንጋዩን ያስበላል።)

ዋና ሠሪው ህንዳዊ ቢሆንም ድንጋዩን ማን ጠረበ? ኖራውን ማን አቃጠለ? ብረቱን ማን ቀጠቀጠ? ከሠራተኞቹ መካከል ቤተ እስራኤሎች ዋና ነበሩ፤ በጐንደር ዘመን በግንበኝነት፥ በአናጢነትና በቀጥቃጭነት ለቤተ መንግሥቱ አገልግለዋል። ይሁን እንጂ በ1668 በፋሲል ልጅ በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን የተደረገው ጉባኤ እስላሞችም ፈላሾችም ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። የእስላሙ ሰፈር ከታች ወደ ወንዙ ሆነ። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ተባሉ። በእጃቸው ሠርተው ያስገቡት ንጉሥ ከላይ፥ እነርሱ ከታች። ይህ ነገር በአስጐብኚው ንግግር ውስጥ የለም፤ እኔ ጠይቄው አንድ ጊዜ ዝም አለና «እርሱማ እውነት ነው» ብሎ ወደ ሣልሳዊ ዳዊት ተሻገረ።

ከዚያ በኋላ ጥፋቱ አጭር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 ከተማዋን ዘርፈው አቃጠሉ፤ ድርቡሾች በ1888 ደገሙት። ጣልያን ከ1936 ጀምሮ ግቢውን ቢሮው አደረገው፤ በ1941 ጐንደር ነጻ ስትወጣ የእንግሊዝ ቦንብ የኢያሱን ግንብ ጐዳው። ዩኔስኮ በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ጊዜ ያለው ጓደኛ በማግሥቱ ወለቃ ቢሄድ መልካም ነው፤ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የቤተ እስራኤሎች መንደር ነበረ። በ1980ዎቹና በ1991 አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ በመንገዱ ዳር ትናንሽ የሸክላ ምስሎች ይሸጣሉ። እኔ አንዲት የሸክላ አንበሳ ገዛሁ፤ ሻጭዋ ሥራውን የተማረችው ከሄዱት ጎረቤቶችዋ እንደ ሆነ ነገረችኝ። መኪና እስኪመጣ ተቀምጬ ጭቃውን ስታቦካ አየሁ፤ ውኃውን ከወንዝ በጀሪካን አስቀድታ ነበር።