ክራር ሲለማመዱ እጅን ከሕመም መጠበቅ

ክራር በአገራችን ከታወቁት የሙዚቃ መሣሪያዎች አንዱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ክሮች አሉት። ክራር መማር የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ጣቱን፣ የእጁን አንጓና ክንዱን ያመዋል። ሕመሙ ከጠና ክራሩን ብቻ ሳይሆን እርፉንም እርሳሱንም ያስጥላል።

«የገበሬ እጅ ሥራ የለመደ ስለሆነ ክራር አይጎዳውም» የሚሉ አሉ። ይህ እውነትነቱ ግማሽ ነው። ማጭድና መጥረቢያ ያጠነከሩት ቆዳ በክር ቶሎ አይላጥም። ነገር ግን ሕመሙ የሚነሳው ከቆዳ ብቻ አይደለም።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

የግራ ክንዳችሁን ከክርናችሁ ዝቅ ብላችሁ በቀኝ እጃችሁ ያዙት። አሁን የግራ እጃችሁን ጣቶች እጠፉ፤ ዘርጉ። ከመዳፋችሁ ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር ይሰማችኋል። ይህ ጡንቻ ነው። ጣትን የሚያጥፉና የሚዘረጉ ዋና ዋና ጡንቻዎች ያሉት ክንድ ውስጥ ነው። ጡንቻው ጣትን የሚስበው በረጃጅም ጅማቶች ነው። ጅማቶቹም በአንጓ በኩል በጠባብ መንገድ ያልፋሉ።

ክራር ሲገረፍ ቀኝ እጅ ክሮቹን በአንድነት ይመታል። የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ መሰማት የሌለባቸውን ክሮች ነክተው ዝም ያሰኛሉ። እጅ አንጓው ተጣሞ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ጅማቶቹ ይፋተጋሉ፤ ያብጣሉም። እብጠቱ በዚያው መንገድ የሚያልፈውን ነርቭ ሲጫነው ጣት ይደነዝዛል።

ታዲያ ምን ማድረግ ይገባል?

1. ከመጀመር በፊት እጅን ማፍታታት። በተለይ በብርድ ጊዜ እጃችሁን አሙቁ። ጣቶቻችሁን ደጋግማችሁ ጨብጡ፤ ዘርጉ።

2. አያያዝን ማስተካከል። ክራሩን አስደግፉት እንጂ ክብደቱን በጣት አትሸከሙት። አንጓ ከክንድ ጋር ቀጥ ይበል። ትከሻ ወደ ላይ አይሰቀል።

3. ክርን በቀስታ መንካት። ክሩን ዝም ለማሰኘት ትንሽ መንካት ይበቃል። አጥብቆ መጫን ድምፁን አያሳምረውም፤ ትርፉ ድካም ነው።

4. ልምምዱን ከፋፍሎ መሥራት። ወይፈን ሲገራ በመጀመሪያው ቀን አንድ ጥማድ አያርስም። ጣትም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 15 ደቂቃ ተለማምዶ ማረፍ ይሻላል። ከዚያ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። ቀኑን ሙሉ ማጭድ ይዞ የዋለ እጅ ማታ ዕረፍት ይሻል። በዚያ ምሽት ዜማውን በአፍ ማንጎራጎርም ትምህርት ነው።

5. ሲያም ማቆም። የጣት ጫፍ ቆዳ ትንሽ ቢቆጠቁጥ በጥቂት ቀን ይለምዳል። ነገር ግን ሕመሙ ወደ አንጓ ከዘለቀ፣ እጅ ካበጠ ወይም ጣት ከደነዘዘ ክራሩን አስቀምጡ። ያበጠውን እጅ በኃይል አትሹት። በጥቂት ቀን ዕረፍት ካልተሻለ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ሕመምን ችሎ መጫወት ጉብዝና የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ እጁን እያሳረፈ የሚለማመድ ሰው ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል፤ ለእርሻውም እጁ ጤናማ ይሆናል።

ጥያቄዎች

ሀ. ጣትን የሚያንቀሳቅሱ ዋና ዋና ጡንቻዎች የት ይገኛሉ?

ለ. ቆዳው የጠነከረ እጅ ክራር ሲለማመድ ለምን ሊታመም ይችላል?

ሐ. ልምምድ እንድናቆም የሚያስገድዱን ምልክቶች ምን ምን ናቸው? በደብተራችሁ ጻፉ።