«ፈቅደውልኛል» ብሎ ዓይንን መጨፈን



እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2023 ንጋት ላይ በአሜሪካ ቴክሳስ የሚገኘውን የኦስቲን አውሮፕላን ማረፊያ ጭጋግ ሸፍኖት ነበር። የፌዴክስ የጭነት አውሮፕላን ለማረፍ ተፈቅዶለት እየተቃረበ ሳለ፣ የማማው ተቆጣጣሪ በዚያው መንደርደሪያ የሳውዝዌስት መንገደኞች አውሮፕላን እንዲነሳ ፈቀደ። ጭጋጉ መንደርደሪያውን ከማማው ጋርዶታል።

የፌዴክስ አብራሪዎች ማረፍ እንደተፈቀደላቸው ዳግም ጠየቁ፤ «አዎ» ተባሉ። በዚህ ግን አልተዘናጉም፤ ዓይናቸው ፊት ለፊት ነበር። ረዳት አብራሪው በጭጋጉ መሐል የሌላውን አውሮፕላን መብራት አየ። ወዲያው ማረፉን ትተው ወደ ላይ ወጡ። ሁለቱ አውሮፕላኖች የተላለፉት ከ200 ጫማ ባነሰ ርቀት ነው። የተሳፈሩት 131 ሰዎች በሙሉ ተረፉ፤ አልሐምዱሊላህ።

ተወኩል ሰበብን መተው አይደለም። መጠየቅ ሰበብ ነው፤ ከመልሱ በኋላ ነቅቶ መጠበቅም ሰበብ ነው። መሪ የያዘ ሹፌር አረንጓዴ መብራት ቢበራለትም ግራ ቀኙን ይይ፤ መድኃኒት የምትሰጥ ነርስ ትእዛዙ ቢጻፍላትም የታማሚውን ስም ታረጋግጥ። የሰው ነፍስ አማና ናት፤ «ፈቅደውልኛል» ማለት ብቻውን አማናን አያደርስም።

ጁሙዓ ሙባረክ!