ትምህርት አሥራ ሁለት፦ የማነጻጸሪያ ድርሰት (ማን ከማን በምን ይበልጣል?)

ባለፈው ትምህርት የገላጭ ድርሰትን አጻጻፍ ተምራችኋል። አሁን ደግሞ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አቁሞ አንድነታቸውንና ልዩነታቸውን ስለሚያሳይ ድርሰት እንመለከታለን። በቅድሚያ ይህን ዐረፍተ ነገር አንብቡ።

«የሶቪየት ኅብረት የመረብ ኳስ ተጫዋቾች ከጃፓን ተጫዋቾች ይበልጡ ነበር።»

ዐረፍተ ነገሩ ባለቤትም ማሰሪያ አንቀጽም አለው፤ በሰዋስው ረገድ ነቀፋ የለበትም። አንባቢው ግን ወዲያውኑ «በምን?» ብሎ ይጠይቃል። «በለጠ» የሚለው ግሥ «ከ» የሚለውን መስተዋድድ ብቻ ሳይሆን «በ»ንም ይሻል። ይህም «በ» ሁለት አገልግሎት እንዳለው አስተውሉ። «በቁመት ትበልጣለች» ስንል የሚነጻጸረውን ነገር ያመለክታል፤ «በ10 ሳንቲ ሜትር ትበልጣለች» ስንል ደግሞ የልዩነቱን መጠን ይነግረናል። «በቁመት በ10 ሳንቲ ሜትር ትበልጣለች» ከተባለ አንባቢው የሚጠይቀው አይኖርም። «አትበልጥም» የሚለውንም በጥንቃቄ ተጠቀሙበት፤ ያልበለጠ ሁሉ ያነሰ አይደለም፤ እኩልም ሊሆን ይችላልና።

ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

መረብ ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ውድድር የሆነው በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ከተማ ነው። ጥቅምት 11 ቀን አበበ ቢቂላ የማራቶንን ሩጫ ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ፤ ከሁለት ቀን በኋላ የጃፓንና የሶቪየት ኅብረት የሴቶች ቡድኖች ለወርቁ ሜዳሊያ ተጋጠሙ። የሶቪየት ተጫዋቾች በቁመት የላቁ ሲሆኑ፣ ኳስን ከላይ ወደ ታች በመምታት ኃይልም የታወቁ ነበሩ። ከጃፓናውያቱ አብዛኞቹ በአንጻሩ በኦሳካ አቅራቢያ በካይዙካ የሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቀን ሲሠሩ ይውሉና ማታ ሂሮቡሚ ዳይማትሱ በተባለው አሠልጣኛቸው እየተመሩ እስከ እኩለ ሌሊት ይለማመዱ ነበር። ወደ ወለሉ ተወርውረው ኳሱን ያነሣሉ፤ በትከሻቸው ተንከባልለው ወዲያው ይቆማሉ፤ ይህንኑም ሳያቋርጡ ይደጋግሙታል። ጨዋታው 15 ለ 11፣ 15 ለ 8 እና 15 ለ 13 በሆነ ውጤት በጃፓን 3 ለ 0 አሸናፊነት ተፈጸመ።

ከዚህ ምንባብ ተነሥቶ «ጃፓኖች ከሶቪየቶች ይልቅ ጠንካሮች ናቸው» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አይጠፋም። በማስተማር ላይ በነበርኩበት ጊዜ እንዲህ ያለውን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አርሜአለሁ። ስሕተቱ በሁለት በኩል ነው። አንደኛ፣ ድል የአካል ብቃት ልክ አይደለም፤ በድል ውስጥ ስልትም፣ መግባባትም፣ ዕድልም አለበት። ሁለተኛ፣ የ12 ተጫዋቾች ብቃት የአገር ሕዝብ ብቃት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። በዚያው በቶኪዮ፣ በወንዶች ውድድር፣ ሶቪየት ኅብረት አንደኛ ስትወጣ ጃፓን ሦስተኛ መውጣቷን ልብ በሉ። አገር የሚነጻጸር ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ውጤቶች እንዴት ይታረቁ ነበር?

መመዘኛውም ራሱ ሊያሳስት ይችላል። ኩባዊቷ ሚሬያ ሉዊስ ቁመቷ 1 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ይህም ለዚህ ጨዋታ አጭር የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ ዘልላ ስትመታ እጇ ከ3 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ይደርስ ነበር። የሴቶች መረብ ከፍታ 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር መሆኑን አስታውሱና ልዩነቱን ራሳችሁ አስሉት። እርሷ የነበረችበት ቡድን በባርሴሎና (1984 ዓ.ም.)፣ በአትላንታ (1988 ዓ.ም.) እና በሲድኒ (1993 ዓ.ም.) በተከታታይ ወርቅ አግኝቷል። እንግዲህ ተጫዋቾችን «በቁመት» ብቻ ያነጻጸረ ጸሐፊ ሚሬያን ከመጨረሻዎቹ ተርታ ያሰልፋት ነበር ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ እንጨምር። ተጫዋች «ሀ» ቆማ እጇን ስትዘረጋ 2 ሜትር ከ10፣ ስትዘል 2 ሜትር ከ55 ትደርሳለች። ተጫዋች «ለ» ቆማ 2 ሜትር ከ25፣ ዘልላ 2 ሜትር ከ60 ትደርሳለች። «ሀ» በዝላይ በ10 ሳንቲ ሜትር ትበልጣለች፤ «ለ» ደግሞ ዘልላ በምትደርስበት ከፍታ በ5 ሳንቲ ሜትር ትበልጣለች። ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው። «በ» ከወጣላቸው ግን እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ።

መልመጃ

1. «የኩባ ቡድን ከሌሎች ይሻል ነበር» የሚለውን ዐረፍተ ነገር «በምን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንዲሰጥ አድርጋችሁ ጻፉ።

2. «ሲሆን»፣ «በአንጻሩ»፣ «ያህል» እና «ይልቅ» የሚሉትን ቃላት በመጠቀም የቶኪዮዎቹን ሁለት ቡድኖች በአንድ አንቀጽ አነጻጽሩ። ስለ አገሮቹ ሕዝብ አንድም ቃል አትጻፉ።

3. ከክፍላችሁ ሁለት ጓደኞቻችሁን ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ በግድግዳ አጠገብ አቁሙና ቆመውም ዘልለውም የሚደርሱበትን በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ በሜትርም ለኩ። ያገኛችሁትን በስድስት ዐረፍተ ነገሮች ጻፉና ለተለኩት ጓደኞቻችሁ አንብቡላቸው። «ይህስ ትክክል አይደለም» ያሉትን ዐረፍተ ነገር ከእነርሱ ጋር ሆናችሁ አርሙ።