ኮምፒውተሩ ሳይጠይቀን የሚወስነው፦ የኦንላይን ፈተና ነባሪ ቅንብሮች

ወረታ ላይ ስናስተምር የኖርነው ፈተና የወረቀት ነው። ጥያቄው ይረቀቃል፣ ይተየባል፣ ይባዛል፣ በእጅ ይታረማል። ዘመኑ ግን ወደ ስክሪን እያዘነበለ ነው። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ይሰጣል፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በ2016 ዓ.ም. ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ተሰጥቷል። ልጆቻችን ስክሪን ፊት መቀመጣቸው ካልቀረ በክፍል ፈተና ይለማመዱ ብለን ሙድል (Moodle) ወይም ጉግል ፎርምስ (Google Forms) የተባሉትን የፈተና መሥሪያ ሶፍትዌሮች እንከፍታለን። ጥያቄ ማውጣቱንስ እናውቅበታለን። የሚያሰናክለን ሶፍትዌሩ እኛ ከመምጣታችን በፊት የወሰነው ነገር ነው። ይህ ማብራሪያ ስለዚያ ነው።

“ነባሪ” ምን ማለት ነው?

በአፋችን “ዲፎልት” እንለዋለን፤ በጽሑፍ “ነባሪ” ይባላል። ሌላ ካላዘዙት በቀር ባለበት የሚጸና ምርጫ ማለት ነው።

ለእኛ ለፎገራ ሰዎች ከሩዝ የቀረበ ምሳሌ የለም። ለብዙ ዓመታት “ዘንድሮ ሩዝ ዝራ” የተባለ ገበሬ፣ ዝርያው ሳይነገረው ኤክስ-ጅግናን ይዘራ ነበር። እዚሁ ወረታ ያለው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እንደ ሻጋ ያሉ ሌሎች ዝርያዎችን ቢያስተዋውቅም፣ ገበሬው መጀመሪያ የሚዘግነው ጎተራው ውስጥ ያለውን ነው። ኤክስ-ጅግና መጥፎ ዘር ስለሆነ አይደለም፤ ነገር ግን ጎተራ ውስጥ ያለ ዘር የእርስዎን ማሳ አላየም፣ ውሃ ይተኛበት አይተኛበት አያውቅም። የሶፍትዌር ነባሪ ቅንብርም እንደዚያው ነው፤ የእርስዎን ክፍል ያላየ ሰው የወሰነው ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንያዝ። ነባሪውን መለወጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚጻፉ ጥያቄዎች ነው። ቀደም ብለው የጻፏቸው እንደነበሩ ይቀራሉ። ስለዚህ ቅንብር የመጀመሪያ ሥራ እንጂ የመጨረሻ ሥራ አይደለም።

ነጥብ፦ ከስንት ነው የሚታረመው?

ጉግል ፎርምስ ላይ ቅጹን ወደ ፈተና ሲለውጡት የእያንዳንዱ አዲስ ጥያቄ ነባሪ ነጥብ 0 ነው። 40 ጥያቄ ጽፈው፣ የመልስ ቁልፉን ሞልተው፣ ነጥቡን ካልነኩ ጎበዙም ሰነፉም እኩል ዜሮ ያመጣል። ቅንብሩ ውስጥ ገብተው ነባሪውን አስቀድመው 1 ወይም 2 ቢያደርጉት አርባ ጊዜ ከመንካት ይድናሉ።

ሙድል ላይ ጥያቄው ሲጻፍ ነባሪ ነጥቡ 1 ነው፤ ወጥመዱ ሌላ ቦታ ነው። የፈተናው ጠቅላላ ውጤት በነባሪነት ከ10 ይያዛል። 20 ጥያቄ አውጥተው ተማሪው 16ቱን ቢመልስ ውጤቱ 8 ከ10 ሆኖ ይታያል። ልጁ “መምህር፣ 16 ነው የመለስኩት” ብሎ ቢመጣ እውነቱን ነው። ማርክ ከመመዝገብዎ በፊት ጠቅላላውን 20 ያድርጉት።

ሙድል ላይ ጥያቄው በሚጻፍበት ቅጽ ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ሙከራ 33.33333 በመቶ ቅጣት የሚል መስመር ያያሉ። አይደንግጡ። ይህ የሚሠራው ተማሪው አንዱን ጥያቄ ደጋግሞ እንዲሞክር በሚፈቀድበት የመለማመጃ ስልት ነው። ውጤት መጨረሻ ላይ በሚነገርበት ተራ ፈተና ከማንም ነጥብ አይቀንስም።

ምርጫ ማዘበራረቅና “ሁሉም መልስ ናቸው”

ሙድል ምርጫዎችን በነባሪነት ያዘበራርቃል። ዓላማው ጥሩ ነው፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ልጆች አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል አያዩም። በብሔራዊ ፈተና የጥያቄ ወረቀቶች በኮድ የሚለያዩት ለዚሁ ነው። እኛ ግን የምንወደው አንድ ልማድ አለን፦

ከሚከተሉት ወደ ጣና ሐይቅ የሚገባው ወንዝ የትኛው ነው?
ሀ. ርብ
ለ. ጉማራ
ሐ. መገጭ
መ. ሁሉም መልስ ናቸው

በወረቀት ላይ ምንም አይለውም። ሲዘበራረቅ ግን “ሁሉም መልስ ናቸው” አናት ላይ ይወጣል፤ ከሥሩም ርብ፣ መገጭ፣ ጉማራ ይከተላሉ። ይህም ይሁን፣ አስቂኝ ቢሆንም ይመለሳል። “ሀ እና ለ መልስ ናቸው” የሚለው ግን ፈጽሞ ይበላሻል። ለአንዱ ልጅ የመጀመሪያው ምርጫ ርብ ነው፣ ለሌላው መገጭ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው የእነዚህን ጥያቄዎች ማዘበራረቂያ ብቻ ማጥፋት ነው። ሁለተኛውና የሚሻለው ጥያቄውን መለወጥ ነው፤ “ከሚከተሉት ወደ ጣና የማይገባው የትኛው ነው?” ብለው ተከዜን አብረው ያስገቡ። ያኔ ምርጫዎቹ እንደፈለጉ ቢዘበራረቁ መልሱ አይናጋም።

ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የት ሄዱ?

ሙድል ምርጫዎችን በነባሪነት በእንግሊዝኛ ፊደል ይቆጥራል። አማራጭ ሆነው የሚቀርቡት ትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና የሮማ ቁጥር ናቸው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ በዝርዝሩ የለም። ብዙ መምህር ታዲያ “ሀ. ርብ” ብሎ ራሱ ይተይባል። ማዘበራረቂያው ከበራ ልጁ ከላይ ወደ ታች ሐ፣ ሀ፣ መ፣ ለ የሚል ሰልፍ ያያል፤ ከፊቱ ደግሞ የእንግሊዝኛው ፊደል ይደረብበታል። ቆጠራውን “ያለ ቁጥር” ያድርጉትና የምርጫውን ቃል ብቻ ይጻፉ። ተማሪው የሚነካው ክቡን ስለሆነ ፊደሉ ሳይኖር ምንም አይጎድልበትም።

አጭር መልስና ሞክሼ ፊደላት

የአጭር መልስ ጥያቄ ላይ ሶፍትዌሩ “ትልቅና ትንሽ ፊደል ልዩነት ያምጣ ወይ?” ብሎ ይጠይቃል። ለፊደላችን ትርጉም የለውም፤ እንደሆነ ይተዉት። የእኛን ችግር ግን አይጠይቅም።

“በክረምት ለመራባት ከጣና ወደ ርብና ጉማራ ሽቅብ የሚወጣው እንስሳ ምንድን ነው?” ብለው ቢጠይቁ የመልስ ቁልፉ ዓሣ ነው። ልጁ አሳ፣ ዓሳ ወይም አሣ ብሎ ይጽፋል። የመጀመሪያው ድምፅ በአ፣ በዓ፣ በዐ፣ በኣ ይጻፋል፤ ሁለተኛው በሣ ወይም በሳ። አራት በሁለት ሲባዛ ስምንት አጻጻፍ ይሆናል። ለኮምፒውተሩ ስምንት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ሰባቱን ስህተት ይላል። የሰዋስው ፈተና ካልሆነ ስምንቱንም በሙሉ ነጥብ በቁልፉ ውስጥ ያስገቡ። ልጁ መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ ቢያደርግስ? “ዓሣ።” ደግሞ ሌላ ቃል ነው።

ሙድል ላይ ከቃሉ ኋላ ኮከብ ምልክት ቢያደርጉ የሚከተለውን ሁሉ ይቀበላል። አራት ነጥቡን ይፈታልዎታል፤ “ዓሣ ነባሪ” ብሎ ለጻፈም ሙሉ ነጥብ ይሰጣል። ስለዚህ በጥንቃቄ ይጠቀሙበት።

መልሱ መቼ ይታይ? ስንት ጊዜስ ይሞከር?

ሁለት ነባሪዎች ተደርበው ፈተናን የሚያፈርሱት እዚህ ላይ ነው። ሙድል በነባሪነት ያልተገደበ ሙከራ ይፈቅዳል፤ ከሙከራዎቹም ከፍተኛውን ውጤት ይይዛል። ልጁ እንደጨረሰም ትክክለኛውን መልስ ያሳየዋል። አንዴ ገብቶ መልሱን ያየ ተማሪ ሁለተኛ ገብቶ ሙሉ ያመጣል። ለልምምድ ጥሩ ነው፤ ለማርክ ግን ሙከራውን 1 አድርገው መልሱ ፈተናው ከተዘጋ በኋላ ብቻ እንዲታይ ያዝዙት።

ጉግል ፎርምስም በነባሪነት ውጤቱንና የተሳሳቱትን ጥያቄዎች ወዲያው ያሳያል። ቀድሞ የጨረሰ ልጅ ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ሲልክ፣ የቀሩት ገና ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ናቸው። ውጤት መልቀቂያውን “በኋላ፣ ከታየ በኋላ” ወደሚለው ያዙሩት።

ሰዓትና መብራት

የፈተና መክፈቻ ሰዓት ሲሞሉ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓትን ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ማለትዎ ከሆነ 8:00 ብለው ይሙሉ። 2:00 ብለው ከተዉት ፈተናው ሌሊት በ8 ሰዓት ይከፈታል። የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ መሆኑንም ይመልከቱ።

ክረምት ላይ መብራትና ኔትወርክ አይታመኑም። ሙድል መልስን በነባሪነት በየ1 ደቂቃው ራሱ ያስቀምጣል፤ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነም ያለ ኢንተርኔት በውስጥ መስመር ይሠራል። ጉግል ፎርምስ ግን ያለ ኢንተርኔት አይሆንም። ፈተናው የጊዜ ገደብ ካለው፣ መብራት ለጠፋበት ልጅ ለብቻው ጊዜ የሚጨመርበትን ቦታ ከፈተናው ቀን በፊት ፈልገው ያግኙ።

ከሃምሳ በፊት አንድ

ቅንብሩን ሲጨርሱ ሃምሳውን ጥያቄ አይጻፉ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፈው የሥራ ባልደረባዎን እንደ ተማሪ ያስገቡት። አውቆ ይሳሳት፤ አውቆም ሁለተኛ ለመግባት ይሞክር። ከዚያ አምስት ነገር ይጠይቁት። ነጥቡ ከስንት ታየህ? ምርጫዎቹ በምን ቅደም ተከተል መጡ? “አሳ” ብለህ ስትጽፍ ምን አለህ? መልሱን አየኸው? ሁለተኛ አስገባህ?

አምስቱም እንዳሰቡት ከሆኑ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ይጻፉ።