ትምህርት 11፦ ማመልከቻ ለሌላ ሰው መጻፍ

ባለፈው ትምህርት ስለ ራስ ጉዳይ የሚጻፍ ማመልከቻ እንዴት እንደሚዘጋጅ ተመልክታችኋል። አሁን የምንመለከተው ከዚያ ከበድ ያለ ነው፤ ይኸውም ጉዳዩ የሌላ ሰው፣ ብዕሩ ግን የእናንተ የሆነበት ማመልከቻ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎችን አይታችሁ ይሆናል። እነርሱ የሚጽፉት በክፍያ ነው። ለምሳው የሚሆን ገንዘብ ያጣ ሰው ለጽሑፍ የሚከፍለውን ከየት ያመጣል? የትምህርት ቤት የበጎ አድራጎት ክበብ አባላት ሊሞሉት የሚችሉት አንዱ ክፍተት ይህ ነው።

ወጣቶች በጎዳና ላይ የሚኖሩትን ለመርዳት ሲነሡ በመጀመሪያ የሚታሰባቸው ዳቦና ልብስ ነው። ዳቦና ልብስ የሚናቅ አይደለም። በወላጆቹ ቤት ጥቂት ሰዎችን በማስጠጋት የጀመረው ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከዚህ ዓይነቱ ጅምር ተነሥቶ ብዙዎችን ለማኖር በቅቷል። ይሁን እንጂ አገልግሎቱ እያለ መግቢያው የሚጠፋበት ጊዜ አለ። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ኑሯቸው በጎዳና ላይ ለሆነ ሰዎችም ክፍል ነበረው። በአዲስ አበባም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከላት ተከፍተዋል። ስለ እነዚህ ነገሮች በጋዜጣ ያነበበና በቴሌቪዥን የሰማ ሰው ያውቃል፤ በረንዳ ላይ የሚያድረው ግን ላይሰማ ይችላል።

ከሁሉ የሚብሰው የመታወቂያ ጉዳይ ነው። የነዋሪነት መታወቂያ የሚያያዘው ከቤት ቁጥር ጋር ነው። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ደግሞ ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ቤት የሌለው ሰው የቤት ቁጥር የለውም፤ መሸኛ ለማምጣትም የመሳፈሪያ ገንዘብ ያስፈልገዋል። መታወቂያ ከሌለው የባንክ ደብተር ማውጣት፣ ቤት መከራየትና ቋሚ ሥራ ማግኘት ይቸግረዋል፤ ሥራና ቤት ካላገኘም መታወቂያ አያገኝም። የዲጂታል መታወቂያ ዐዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ማስረጃ የሌለው ሰው በምስክር ለፋይዳ ሊመዘገብ ይችላል። ይህን አንድ ነገር ፈልጎ ማወቅና ለሚያስፈልገው ሰው መንገር ራሱ ርዳታ ነው።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንመለስ። ለምሳሌ ያህል፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት መታወቂያ ፈልገው ወደ ክበባችሁ መጡ እንበል። ከአባላቱ አንዱ ይህን ጻፈ፦

«እኚህ ምስኪን አሮጊት በጎዳና ላይ ተጥለው ተገኝተዋል። በብርድና በረሃብ የሚሠቃዩ ስለሆነ አንጀት ይበላሉ። ስለዚህ መንግሥት አንድ ነገር እንዲያደርግላቸው በትሕትና እንለምናለን።»

ጸሐፊው ክፉ ልብ የለውም፤ ጽሑፉ ግን አይሠራም። ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደተጻፈ አይታወቅም። «አንድ ነገር» የሚባል ጥያቄም ማኅተም የሚመታበት አይደለም። ደብዳቤውን የተቀበለው ሠራተኛ ያዝናል፤ ከዚያም በመሳቢያው ውስጥ ያስቀምጠዋል። በሰዋስው ረገድም «ተጥለው ተገኝተዋል» የሚለው ሐረግ ተደራጊ ነው፤ «እንለምናለን» ለሚለው ማሰሪያ አንቀጽ ደግሞ ባለቤቱ «እኛ» ነን። እናትየዋ በገዛ ጉዳያቸው ውስጥ አድራጊ ሳይሆኑ ቀርተዋል።

ስለዚህ ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። «እማማ፣ ለምን ጎዳና ወጡ?» ብሎ መጀመር ነውር ነው፤ ደግሞም ለማመልከቻው አያስፈልግም። «እማማ፣ ምን እንድንጽፍልዎ ይፈልጋሉ? ከመቼ ጀምሮ እዚህ ነዎት? የሚያውቅዎ ሰው አለ?» ማለት ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው የሚከተለውን ይመስላል፦

«ለወረዳው የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ መታወቂያ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ
እኔ አመልካች በ2011 ዓ.ም. ከደቡብ ወሎ መጥቼ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በወረዳው ገበያ አጠገብ እኖራለሁ። ቀን ሽንኩርት በመልቀም እሠራለሁ፤ ማታ በሱቅ በረንዳ አድራለሁ። የቤት ቁጥርና መሸኛ የለኝም። የምሠራላቸው ሁለት ነጋዴዎች ስለ ማንነቴና ስለ ኑሮዬ ለመመስከር ፈቃደኞች ናቸው። ስለዚህ የምስክሮቼ ቃል ተሰምቶ መታወቂያ እንዲሰጠኝ፣ የማይቻል ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።
የአመልካች የጣት አሻራ»

በዚህ ጽሑፍ «እኖራለሁ»፣ «እሠራለሁ»፣ «አመለክታለሁ» የሚሉትን ግሶች ተመልከቱ። የሁሉም ባለቤት አመልካቿ ናቸው። ሰዋስዋችን የድርጊቱን ፈጻሚ «ባለቤት» ማለቱ እዚህ ላይ ልብ ይባላል፤ ቤት የሌላቸው እናት በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ባለቤት ሆነዋልና። ሽንኩርት መልቀማቸው የተጻፈውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑና ከየት እንዳወቋቸው የሚያስረዳው እርሱ ነው። በረሃብ ስለመሠቃየት አንድም ቃል የለም፤ ጽሕፈት ቤቱ የሚወስነው በረሃብ ላይ ስላልሆነ።

ጽሑፉ ሲያልቅ ለአመልካቿ ቀስ ተብሎ ይነበብ፤ «እንዲህ አላልሁም» ካሉ ይታረም። ጣታቸውን የሚያሳርፉት ከሰሙት በኋላ ነው። ማመልከቻው ገቢ ሲሆን የመዝገቡ ቁጥርና ቀኑ በቅጂው ላይ ይጻፍ፤ ቅጂውም በላስቲክ ተጠቅልሎ ለእርሳቸው ይሰጥ። በጎዳና ላይ ወረቀትን የሚያጠፋው ዝናብ ነውና ይህን ቀላል ነገር አትዘንጉ። ወደ መሥሪያ ቤቱ ስትሄዱ ሁለት ሆናችሁ፣ መምህራችሁን አስፈቅዳችሁ ይሁን።

መልመጃ

ሀ. ከዚህ በታች ያሉትን ዓረፍተ ነገሮች፣ ችግረኛው አድራጊ እንዲሆን አድርጋችሁ እንደገና ጻፉ።
1. ልጁ ከበረንዳው ተነሥቶ ወደ ጣቢያ ተወሰደ።
2. ለአካል ጉዳተኛው ብርድ ልብስ ታደለው።

ለ. በአካባቢያችሁ የምገባ ማዕከል፣ ጤና ጣቢያና የፋይዳ መመዝገቢያ የት እንደሚገኙ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚሠሩ ጠይቃችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ። ማንበብ ለማይችል ሰው ጮክ ተብሎ የሚነበብ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሮቻችሁ አጫጭር ይሁኑ።

ሐ. በምሳሌው የቀረበው ማመልከቻ «መሸኛ ሳይቀርብ አይቻልም» የሚል መልስ በጽሑፍ ተሰጠው እንበል። አመልካቿ ለበላይ ኃላፊ የሚያቀርቡትን ሁለተኛ ማመልከቻ ጻፉ።